በተከራየነው ግቢ ሃያ ዓመት የሚኖር ተክል



ዛሬ ስለ አንድ አትክልት እናወራችኋለን። አስፓራገስ ይባላል። ብዙዎቻችሁ በፊልም ወይም በትልልቅ ሆቴሎች የምግብ ዝርዝር ላይ አይታችሁት ይሆናል። አረንጓዴ፣ እንደ እርሳስ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ ቀንበጥ ነው። እኛ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ በተከራየነው ግቢ፣ ከኩሽናው ጀርባ አልምተነዋል። ዘሩን ከዘራን አራት ዓመት ሊሞላን ነው። እንዴት እንደሚለማ ደረጃ በደረጃ እናስረዳለን። ግን ከአተካከሉ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፤ እሱንም እናነሳለን። የራሱ መሬት የሌለው ሰው ረጅም ዕድሜ ያለው ነገር መትከል አለበት ወይ?

ይህ የኛ ብቻ ጥያቄ አይደለም። ከተማ ውስጥ የምንኖር ብዙዎቻችን ተከራዮች ነን። ተከራይነት ደግሞ ጠባይ ያወጣል። ግድግዳ ላይ ምስማር አንመታም። መጋረጃ ስንገዛ «ለሚቀጥለው ቤትም ይሁን» ብለን እንለካለን። ቁም ሣጥን ስንገዛ በአይሱዙ ለመጫን መመቸቱን እናያለን። መትከልማ ጨርሶ አይታሰብም። ደፍረን ብንተክል ሰላጣና ቆስጣ ነው፤ እነሱ በሁለትና በሦስት ወር ይደርሳሉ። ከዚያ ያለፈው «የባለቤት ሥራ» ነው እንላለን።

አስፓራገስ የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ነው። ዘሩ ከተዘራ በኋላ ሦስት ዓመት ገደማ ያስጠብቃል። ከዚያ በደንብ ከያዙት አሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት ድረስ በየዓመቱ ይሰጣል። አንዴ ነው የሚተከለው። እንግዲህ ለተከራይ ከዚህ የባሰ ተክል ይገኛል?

*ዘመዶቹ እዚሁ አሉ*

አስፓራገስ ለኛ አገር ፈጽሞ ባዳ አይደለም። በደጋው ቁጥቋጦና አጥር ላይ የሚጠመጠመውን፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነውን፣ እሾሃማውን የሴት ቀስት የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። እሱ የአስፓራገስ የቅርብ ዘመድ ነው። አበባ ሻጮች በሠርግ እቅፍ አበባ ውስጥ የሚጨምሩት፣ እንደ ላባ የሳሳ አረንጓዴ ቅጠልም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ተሳስታችሁ እነሱን እንዳትበሉ! ለምግብ የሚለማው ሌላ ዝርያ ነው። ግን ዘመዶቹ እዚህ በቅለው ከኖሩ፣ እሱም አየሩን ይለምደዋል ብለን ነው የተነሳነው።

መድረሳ ያደግን ሰዎች ይህን ተክል ከቅጠሉ በፊት በስሙ ነው የምናውቀው። በዐረብኛ «ሂልየውን» ይባላል። የአንደሉስን ታሪክ የጻፈው አል-መቀሪ «ነፍሑ-ጢብ» በተባለው መጽሐፉ ስለ ዚርያብ ሲያወራ ያነሳዋል። ዚርያብ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከባግዳድ ወጥቶ ቁርጡባ የገባ ድምፃዊ ነበር። በሙያው ላይ ዑለሞች የሚሉት አለ፤ የዛሬው ጉዳያችን ግን ማዕዱ ነው። አል-መቀሪ እንደሚያወሳው የአንደሉስ ሰዎች ሂልየውንን መብላት የለመዱት ከሱ ነው፤ በራሳቸው አነጋገርም «ኢስፋራጅ» ይሉት ነበር። ስፔኖች እስከ ዛሬ «ኤስፓራጎ» ይሉታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። ዚርያብ ለአንደሉስ እንግዳ ነበር። በዚያ አገር አያት ቅድመ አያት የለውም፤ ርስትም አልወረሰም። ሆኖም ከሺህ ዓመት በላይ አልፎ እንኳ ስሙ ከአንድ አትክልት ጋር ይነሳል። እንግዳ ሰው ምንም ትቶ አያልፍም ያለው ማነው?

*አጀማመራችን*

ዘሩን ያገኘነው አዲስ አበባ ደርሶ በመጣ ጎረቤት በኩል ነው። ከአንድ የዘር መሸጫ 50 ፍሬ የያዘ ፓኬት ገዝቶ መጣ። ዝርያው «ሜሪ ዋሽንግተን» ይባላል፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የዝገት በሽታን እንዲቋቋም ተብሎ የወጣ የቆየ ዘር ነው። ድቅል ስላልሆነ ከፍሬው መልሶ ዘር መያዝ ይቻላል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በግቢው ሦስት ቤተሰብ ሆነን ነበር የምንኖረው። እኛ አንድ፣ ልብስ ሰፊው ወንድማችን ከነባለቤቱ ሁለት፣ አንዲት ክፍል የተጋሩ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች ሦስት። ከኩሽናው ጀርባ አምስት ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ተኩል ስፋት ያላት ቦታ ነበረች። የተሰበረ ጀበና፣ የቆርቆሮ ቁራጭና የድንጋይ ፍርካሽ የሚጣልባት ናት። ለግቢው ባለቤት፣ ለእናታችን፣ አስፈቀድናቸው።

«እማዬ፣ ከኩሽናው ጀርባ ያለችውን ቦታ ብንቆፍራት ይፈቅዱልናል?»

«ምን ልታበቅሉባት ነው ልጆቼ?»

ነገርናቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሚበላ መሆኑንም አልደበቅናቸውም። ሳቁብን።

«ሦስት ዓመት ልትቀመጡ ነው? እኔ እኮ ኪራይ ልጨምርባችሁ እያሰብኩ ነበር!»

ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና «በሉ ቆፍሩ። እናንተ ባትበሉት የሚበላው አይጠፋም» አሉ።

ያን ጊዜ እንደ ቀልድ ነበር የወሰድነው።

*ዘሩና ችግኙ*

ሚያዝያ 2014 ላይ ዘሩን ለአንድ ቀንና ሌሊት ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፍነው። ዛጎሉ ጠንካራና ጥቁር ስለሆነ ሳይዘፈዘፍ ቢዘራ ይዘገያል። ከዚያ የሃይላንድ ፕላስቲክ በወገቡ ቆርጠን፣ ታቹን በስተን፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅለን ሞላነው። በየአንዳንዱ አንድ ፍሬ፣ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ቀበርን። በሞቃት አካባቢ በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ቀን ሊበቅል ይችላል። ደሴ ግን ብርድ ናት፤ የመጀመሪያው የወጣው በሃያ አንደኛው ቀን ነው። ከ50ው 34 በቀሉ።

ሲበቅል ምን እንደሚመስል ብታዩ ትስቃላችሁ። እንደ ክር የቀጠነ፣ ነፋስ ሲመጣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ልብስ ሰፊው ወንድማችን «ይሄ ክር ከሆነ እኔ ቤት ሞልቷል» ይል ነበር። አብሽሩ! ሥራው ያለው ከታች ነው። ተክሉ በመጀመሪያው ዓመት ጉልበቱን የሚያፈሰው ሥር ላይ ነው። ሥሮቹ ከአንድ እምብርት ተነስተው፣ ወፍራም ሆነው ወደ ዙሪያው እንደ ሸረሪት እግር ይዘረጋሉ። ግቢያችን ውስጥ «ሸረሪቷ» ነበር የምንላት፤ ከዚህ በኋላም እንደዚያው እንላታለን።

*ቦዩ*

ችግኞቹ ዓመት ሊሞላቸው ሲል፣ የካቲት 2015፣ በልግ ሊገባ ሲል ወደ መሬት አዛወርናቸው። ጠንካሮቹን 28 መረጥን።

ዋናው ድካም እዚህ ነው። ለሃያ ዓመት የሚቀመጥ ነገር ስለሆነ መሬቱን ማዘጋጀት የሚቻለው አንዴ ብቻ ነው። ሁለት ቦይ ቆፈርን። ጥልቀቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 30፣ በቦዮቹ መካከል አንድ ሜትር ከሃያ። ከቆፈርነው አፈር ድንጋዩንና ቆርቆሮውን ለቀምን። ሰርዶውን ከነሥሩ አወጣን። ሰርዶ የዚህ ተክል ትልቁ ጠላት ነው፤ አንዴ በሸረሪቷ እግሮች መሃል ከገባ ሳይጎዱ ማውጣት አይቻልም። ዶማውን የያዘው በአብዛኛው ልብስ ሰፊው ወንድማችን ነው። ቀን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ሰው ወገቡ እንዴት እንደቻለ አላህ ያውቃል።

ከቦዩ ታች በደንብ የበሰበሰ የከብት ፍግና ጥቂት የእንጨት አመድ አነጠፍን። አስፓራገስ ኮምጣጣ አፈር አይወድም፤ አመዱ ለዚያ ያግዛል። ከዚያ በቦዩ መሃል ለመሃል አፈሩን እንደ ትንሽ ጀርባ አድርገን ከመርን። ሸረሪቷን በዚያ ጀርባ ላይ፣ እግሮቿን ግራና ቀኝ አንፈራጠን አስቀመጥናት። በሸረሪትና በሸረሪት መካከል 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ተውን። መጀመሪያ አምስት ሴንቲ ሜትር አፈር ብቻ አለበስናት። ቡቃያው እየረዘመ ሲመጣ ቦዩን ቀስ በቀስ ሞላነው። በአንድ ጊዜ ከደፈናችሁት ይታፈናል።

ሌላው ጠላት የቆመ ውሃ ነው። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ምን እንደምትመስል ለደሴ ሰው አይነገርም። ስለዚህ ቦዩ ሲሞላ አፈሩን ከመሬቱ ትንሽ ከፍ አድርገን፣ ዙሪያውን የውሃ መውረጃ አበጀን። እንዲያም ሆኖ በመጀመሪያው ክረምት አራቱ ሥራቸው በሰበሰ። 24 ቀሩን። አንድ ሌሊት ደግሞ ቆራጭ ትል ሦስት ቡቃያ ከሥር አጋደመብን። ከካርቶን ቀለበት ሠርተን በየቡቃያው ዙሪያ ቀበርን፤ ከዚያ ወዲያ አልነካቸውም። ሸረሪቷ ደህና ከሆነች የተቆረጠው ይተካል።

በመጀመሪያው ዓመት በሁለቱ ቦዮች መካከል ሰላጣና ቆስጣ ዘራን። ሥራቸው ጥልቅ ስላልሆነ አይጎዱትም፤ ለሚጠብቅ ሰውም መጽናኛ ናቸው።

*አለመቁረጥ*

በ2015 በርካታ ቀንበጥ ወጣ። በ2016 ደግሞ ወፈር ያለ፣ የሚያስጎመጅ ወጣ። አልቆረጥንም።

ምክንያቱን በደንብ እናስረዳ። የምንበላው ቀንበጥ ገና ያልተከፈተ ግንድ ነው። ካልተቆረጠ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ይረዝማል፤ ይበተናል፤ እንደ ላባ የሳሳ ቅርንጫፍ ያወጣል። ያ ላባ ከፀሐይ የሚሠራውን ምግብ ወደ ታች ያወርዳል፤ ሸረሪቷም ታከማቻለች። በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው ቀንበጥ ከዚያ ክምችት ላይ ነው የሚወጣው። በልጅነቷ የተቆረጠች ሸረሪት በባዶ ጎተራ ላይ እንደተበደረች ናት፤ ትኮሰምናለች።

ይህ ሕግ ካደገችም በኋላ ይሠራል። ጀርመን አገር አስፓራገስ በጣም ይወደዳል። እነሱ ቀንበጡ ፀሐይ ሳያየው እንዲያድግ አፈር ከምረውበት ነጩን ይበላሉ፤ ተክሉ ግን ያው ነው። ገበሬዎቻቸው በፈረንጆቹ ጁን 24 መቁረጥ ያቆማሉ። በዚያ ቀን ቀንበጡ አልቆ አይደለም፤ ገና እየወጣ ነው። ለከርሞ ሲሉ ነው የሚያቆሙት።

አንድ ችግር ነበረብን። በነሱ አገር ክረምቱ በረዶ ስለሆነ ተክሉ ይተኛል፤ አርፎ ይነሳል። እኛ ዘንድ ያን የመሰለ ብርድ የለም። መልሱን ያገኘነው ከፔሩ ነው። ፔሩ በደረቅ በረሃማ ዳርቻዋ በመስኖ አልምታ ለዓለም ገበያ ከሚልኩት ትልልቆቹ አንዷ ናት። እዚያ ተክሉን የሚያስተኙት ውሃ በመከልከል ነው። እኛም ከጥቅምት ጀምሮ ውሃ አቆምን። በኅዳር ብርዱ አገዘን፤ ላባው ቢጫ ሆነ። በታኅሣሥ መጨረሻ የደረቀውን ከመሬት አስጠግተን አጨድነው፤ ፍግ አለበስነው። ጥር መጨረሻ ላይ ውሃ መለስንለት። ከዚያ በልጉ ሲመጣ ቀንበጡ ይነሳል። በልግ የሌለው አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በጀሪካን ውሃ ያንኑ ማድረግ ትችላላችሁ።

እንደምታዩት ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራችን ማረም፣ ማጠጣትና ማየት ነበር። በመሃሉ፣ ሐምሌ 2015፣ ልብስ ሰፊው ወንድማችን የሱቁ ኪራይ ሲጨምርበት ዕቃውን ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሄደ። ቦዩን የቆፈረው ሰው አንዲት ቀንበጥ ሳይቀምስ ሄደ። በሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎቹም ተመርቀው ወጡ። በነሱ ምትክ የገቡት አዲስ ተከራዮች «ይሄ ምን የሚሉት አረም ነው?» አሉን። ከመጀመሪያው ሰዎች የቀረነው እኛ ብቻ ነበርን።

*የ1446ቱ ረመዳን*

የ2017 በልግና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ረመዳን የካቲት 22 ሲጀምር ቀንበጦቹ ከአፈሩ ጣት ጣት የሚያህል ብቅ ብለው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ቀንበጦች ከዐስር በኋላ ቆረጥን። ቁመታቸው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ጫፋቸው ሳይበተን መቆረጥ አለባቸው። በስለት ከመሬቱ ጋር አስተካክሎ መቁረጥ ወይም በእጅ ጎንበስ ሲያደርጉት በራሱ ቦታ ቀጭ ብሎ እንዲሰበር ማድረግ ይቻላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከታች የጠነከረውን ቆርጣችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ፤ አትጣሉት። ለስላሳውን በጥቂት ዘይትና ነጭ ሽንኩርት ሦስት፣ አራት ደቂቃ አዙሩት። ጨውና ቁንጥር ሚጥሚጣ። በቃ! ከበዛ ይልምና ጣዕሙ ይጠፋል። ከእንቁላል ጋርም ይስማማል። የጠነከረው ጫፍ ደግሞ በአጃ ሾርባ ውስጥ ተቀቅሎ ከወጣ ሾርባውን ያጣፍጠዋል። ጣዕሙ ከአተር እሸት ጋር ይቀራረባል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ መረር ይላል። አንድ ነገር እንዳትደነግጡ፣ ከበላችሁ በኋላ የሽንት ጠረን ሊለወጥ ይችላል። በሽታ አይደለም፤ ከተክሉ ተፈጥሮ የሚመጣ ነው።

ስምንት ቀንበጥ ለስንት ሰው ይበቃል? ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ደረሰ። ለእማዬም አንድ ላክን። «ለዚች ነው ሦስት ዓመት?» አሉ። ደግሞ ግን በማግስቱ ሳህኑን ራሳቸው ይዘው መጡ!

በዚያ ዓመት የቆረጥነው ለሦስት ሳምንት ብቻ ነው። በጠቅላላው ሁለት ኪሎ ገደማ ወጣ። ከመሃሉ አንዱን እስር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ላክነው። ማታ ልብስ ሰፊው ወንድማችን ደወለ። «ይህን ሣር ነው ያስቆፈራችሁኝ?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ግን ቶሎ ብሎ «ዘሩ አላችሁ?» አለ።

*ወንዱና ሴቷ*

አሁን ወደዚያ «ያዙት» ወዳልናችሁ ነጥብ እንመለስ።

አስፓራገስ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው። ሲያብብ ይለያል። ከ24ቱ 13ቱ ወንድ፣ 11ዱ ሴት ሆነው ተገኙ። ሴቷ ከክረምቱ በኋላ እንደ ዶቃ የቀላ ፍሬ ታፈራለች። ፍሬው አይበላም፤ ሆድ ይጎዳል፤ ልጆች ያሉበት ቤት መጠንቀቅ አለበት። ሴቷ ጉልበቷን ለፍሬ ስለምታካፍል ቀንበጧ ከወንዱ ያነሰ ነው። ፍሬው ሲረግፍም አረም ሆኖ ይበቅላል። ስለዚህ ለገበያ የሚያለሙ ሰዎች ሴቷን አይወዷትም። እንዲያውም ወንድ ብቻ የሆኑ ድቅል ዝርያዎች ወጥተው ይሸጣሉ።

ይህ ምክር ለባለ መሬት ትክክል ነው። እሱ የሚፈልገው ከዚያው ቦታ ብዙ ቀንበጥ ነው፤ የትም አይሄድም። የተከራይ ሒሳብ ግን ሌላ ነው። ወንዱ የሚሰጠን በዚያ ግቢ እስካለን ድረስ ነው። ሴቷ የምትሰጠው ዘር በኪስ ይያዛል። በአንድ ፖስታ ውስጥ ገብቶ ከቤት ወደ ቤት፣ ከከተማ ወደ ከተማ ይሄዳል። አከራይ አያስለቅቀውም፤ አይሱዙም አይፈልግም።

ስለዚህ አንዷንም ሴት አልነቀልንም። ኅዳር ላይ ፍሬውን ለቀምን፤ በውሃ አፍርጠን ዘሩን ለየን፤ ጥላ ላይ አደረቅን፤ በወረቀት ፖስታ አስቀመጥን። ካለፈው ኅዳር ብቻ ከሦስት መቶ በላይ ፍሬ አለን።

*ግቢው ሊገነባ ነው*

በዚህ ዓመት ጥር ወር እማዬ ጠሩን። ውጭ አገር ያሉት ልጆቻቸው ግቢው ላይ ፎቅ ሊሠሩ ነው። መስከረም 2019 ሥራው ይጀመራል። የኩሽናው ጀርባ መሠረት ይቆፈርበታል። ቤቱንም እንለቃለን። እማዬ ሲነግሩን ዓይናቸው ወደ ቦዩ ነበር። ቤታቸው ነው፣ ንብረታቸው ነው፤ ቅር ልንሰኝ የሚገባ ነገር የለም። ግን ደረት ላይ የሚቀመጥ ነገር የለም ብንል እንዋሻለን። ገና ሙሉውን የምንቆርጥበት ዓመት ሊጀምር ነበር።

ቁጭ ብለን ተመካከርን። የአራት ዓመት ሸረሪት መንቀል ከባድ ነው። እግሮቿ ከአንድ ሜትር በላይ ሄደዋል፤ ሳይቆረጡ አይወጡም። ከተዛወረች በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት ሳትቆረጥ ማረፍ አለባት። ያም ሆኖ ጥር ላይ ተኝታ ስለነበር ጊዜው ከሁሉም የተሻለ ነው። እማዬን አስፈቅደን ሃያ አራቱን ለሁለት ከፈልናቸው።

አሥራ ሁለቱን፣ ስምንት ወንድና አራት ሴት፣ ሰፊ አድርገን ዙሪያቸውን ቆፍረን ከነአፈራቸው አወጣን። ወዴት ይሂዱ? ሌላ የኪራይ ግቢ ብንወስዳቸው ያው ታሪክ ይደገማል። በመጨረሻ ወደ መድረሳችን ግቢ ወሰድናቸው። ቦታው ወቅፍ ነው። አይሸጥም፣ አይወረስም። ለሃያ ዓመት ተክል ከዚህ የሚመች መሬት ከተማ ውስጥ የት ይገኛል? ኮሚቴው በአጥሩ ጥግ ስድስት ሜትር ሰጠን። ትልልቆቹ ደረሳዎች ቦዩን ቆፈሩ። እስካሁን ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙ ቀንበጥ አውጥተዋል፤ አልሐምዱሊላህ። ሦስቱን አሁንም እየጠበቅን ነው።

የቀሩት አሥራ ሁለት እዚያው ግቢ ናቸው። እነሱን ያለ ገደብ እየቆረጥን ነው። መቁረጥ ማቆም ለከርሞ ነው ብለናል፤ እነሱ ደግሞ ከርሞ የላቸውም። ስለዚህ እስኪደክማቸው ድረስ ይሰጣሉ፤ ለእማዬ፣ ለአዲሶቹ ተከራዮች፣ ለጎረቤት ይደርሳል። ያን ቀን «የሚበላው አይጠፋም» ያሉት ነገር ቀልድ እንዳልነበረ አሁን ገብቶናል።

*ለመጀመር ለምትፈልጉ*

አንደኛ፣ ለገንዘብ ብላችሁ አትጀምሩት። «በአንድ ዓመት ሚሊየነር» የሚሉ የእርሻ ቪዲዮዎችን አይታችኋል። ሃያ አራት ሸረሪት በሦስተኛ ዓመቷ ሁለት ኪሎ ነው የሰጠችን። ለቤት ማዕድ ደስ ይላል፤ ኪራይ አይከፍልም።

ሁለተኛ፣ ከመትከላችሁ በፊት ከአከራይ ጋር ተነጋገሩ። ተከራይ የተከለውን ሲለቅ ይንቀል ወይስ ይተው የሚለው ጉዳይ በፊቅህ ኪታቦች የኪራይ ምዕራፍ ውስጥ ሰፊ ንግግር ያለበት ነው። በአጭሩ፣ መጀመሪያ የተነጋገረ በመጨረሻ አይጣላም።

ሦስተኛ፣ ቦታ ለሌላችሁ። 40 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ባለው በርሜል ወይም ባልዲ ውስጥ አንድ ሸረሪት ማኖር ይቻላል። ምርቷና ዕድሜዋ ያንሳል፤ ግን ቤት ስትቀይሩ አብራችሁ ትሄዳለች።

አራተኛ፣ ዘር ስትገዙ ድቅል ያልሆነውን ጠይቁ። ሴቷንም አትንቀሉ።

አምስተኛ፣ ግቢያችሁ የወቅፍ ቦታ ካለው ዓይናችሁን እዚያ ላይ ጣሉ። በየመስጂዱና በየመድረሳው አጥር ሥር ስንት ሜትር መሬት ሣር ለብሶ ተቀምጧል! ተክል ተክሎ ሰውም ወፍም ከበላለት ለተካዩ ሰደቃ እንደሆነ ከሚንበር ስንት ጊዜ ሰምተናል። ዶማ የያዘው ግን ጥቂት ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመጣ የኛ መልስ ይህ ነው። ተከራይ ይትከል። ግን የሚተክለው «እኔ እበላዋለሁ» በሚል ስሌት ብቻ ከሆነ ያዝናል። ልብስ ሰፊው ወንድማችን የቆፈረውን ቦይ መስከረም ላይ ማሽን ይደፍነዋል። የሱ ድካም ግን መድረሳው አጥር ሥር ዘጠኝ ሆኖ ቆሟል። በኮምቦልቻ ደግሞ፣ ከላክንለት ዘር፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ ውስጥ አሥራ ሰባት ክር መሳይ ነገሮች በቅለውለታል። የሚኖርበት ቤት የኪራይ ነው።

አላህ በምንተክለው ሁሉ በረካ ያድርግልን። ደሴና አካባቢዋ ላላችሁ፣ ፖስታው ውስጥ ገና ዘር አለ። ከዙህር በኋላ መድረሳው ግቢ ብቅ በሉ፤ አሥር አሥር ፍሬ እንሰጣችኋለን። ስትመጡ ግን አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛችሁ ኑ!